ቦዩ የተደፈነበት ክረምት

ሚያዝያ 9

ይድረስ ለወንድሜ፣

ደብዳቤህን የማዕድን ማውጫችሁ ሾፌር እቃ ሊጭን የመጣ ዕለት ሱቅ ድረስ አምጥቶ ሰጠን። እናንተ በረሃ ስልክ አይገባም እንጂ አቧራው ከዚያ ወጥቶ እዚህ ይደርሳል፤ ፖስታው ቀይ ሆኖ ነው የመጣው። እማዬ "ልጄ የሚረግጠው አፈር ነው፣ እንዳታራግፉት" ትላለች፤ በሻርፗ የምትጠርገው ግን ራሷ ናት። ሁለቴ አስነበበችኝ። ጤናዋን ለጠየቅኸው፣ ጠዋት ጠዋት ጉልበቷን ይዛ እያቃሰተች ትነሳለች፤ አትክልቱ ውስጥ ከገባች በኋላ ግን የሚይዛት የለም። እኔም ደህና ነኝ። ናፍቆቴን በወረቀት ማስረዳት ሞክሬ ስለማይሆንልኝ ትቼዋለሁ።

"አብደሻል ወይ?" ብለህ ለጠየቅኸኝ ደግሞ፣ ሾፌሩ ምን ብሎ እንዳወራልህ እገምታለሁ። አላበድኩም። ሱቃችን ፌስታል መስጠት አቁሟል፣ ይኸው ነው።

ነገሩ የመጣው ከእማዬ ነው። ባለፈው ክረምት፣ አንተ በሄድክ ሰሞን፣ ከጓሯችን ጀርባ ያለው ቦይ ገንፍሎ አትክልቱ ውስጥ ገብቶ ነበር። ውኃው ሲሸሽ ከላይ ከሰፈሩ ጠራርጎ ያመጣውን ሁሉ ለኛ ትቶልን ሄደ። በበጋው እማዬ የካሮት መደብ ልታወጣ ገባች። ዶማዋን ባነሳች ቁጥር ፌስታል ተንጠልጥሎ ይወጣል፤ ጥቁሩ፣ ሰማያዊው፣ ባለመስመሩ። አንዱን ስትስብ ሌላውን ጎትቶ ይመጣል። ጠራችኝና "ነይ እስቲ፣ ይሄ የኛ ሱቅ ፌስታል ነው ወይስ የሌላ?" አለችኝ። ምኑ ይለያል? "ለካ እኔ አፈር መስሎኝ ፌስታል ላይ ነው የምዘራው" ብላ መደቡ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። እማዬ ሥራ ጀምራ ስትቀመጥ አይተህ ታውቃለህ?

በማግስቱ ከባንኮኒው በላይ የተንጠለጠለውን ፌስታል በሙሉ አወረድኩ። አሁን ዘይት የሚፈልግ ጠርሙሱን ይዞ ይመጣል። ምስርና ስኳር በጋዜጣ እጠቀልላለሁ። እማዬ ከዱቄት ጆንያ ዘንቢል እየሰፋች ለደንበኛ ታድላለች። የቲማቲምና የጎመን ችግኙንም በዚያ በጥቁሩ ላስቲክ መሸጥ ትተን፣ ከነአፈሩ በጋዜጣ ጠቅልላ ነው የምትሰጠው፤ ሰው ከነወረቀቱ ይተክለዋል። ባለፈው ጡረተኛው መምህር መያዣ ረስተው መጥተው ሩዙን በባርኔጣቸው ይዘው ሄዱ። እማዬ እስካሁን ትዝ ሲላት ብቻዋን ትስቃለች።

ከፊት ለፊታችን ያሉት ባለሱቅ፣ ጋሽ ቶሎ፣ ግን ደስ ብሏቸዋል። እኔ ያወረድኩትን ያህል እሳቸው ሰቅለዋል።

ከታች እማዬ በእጇ ጽፋልሃለች። ፊደሉ ቢንጋደድም ቻለው።

እህትህ

*ልጄ ብላ። ጭንቅላትህን ከፀሐይ ሸፍን። እናትህ።*


ግንቦት 6

እታለም፣

የሩዙን ነገር ሳነብ ብቻዬን ስስቅ የክፍሌ ልጆች "አንተም ጀመረህ እንዴ?" አሉኝ። እንደምን ከርማችኋል? እኔ ደህና ነኝ። ሳልጽፍ ስለቆየሁ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶ ነው።

ያንቺን ደብዳቤ ካነበብኩ ወዲህ መጋዘናችንን በሌላ ዓይን ማየት ጀምሬያለሁ። ለማዕድን ማውጫው የሚመጣ አንድ ብሎን በትንሽ ላስቲክ ይታሸጋል፣ ትንሹ ላስቲክ በትልቅ ላስቲክ፣ ትልቁ በካርቶን፣ ካርቶኑ ደግሞ በስስ ላስቲክ ይጠቀለላል። ብሎኑን እስክናገኘው ድረስ ክምሩ ጉልበታችን ይደርሳል። የምንጠጣውም ውኃ የታሸገ ነው። አትቆጪኝና አንቺ ሰፈሩን ሁሉ ብታሳምኚ እንኳ፣ ዓመቱን ሙሉ የምታስቀሪውን እኛ በአንድ ጠዋት እንጥለዋለን። ተስፋ ላስቆርጥሽ ብዬ አይደለም። ጥርስሽን ነክሰሽ ስትይዢ እንዴት እንደምትሆኚ ስለማውቅ ነው።

ስለ ዕረፍቴ ደግሞ፣ አለቃዬ "እናያለን" ብሎኛል። ቁርጥ ነገር ስላልሆነ ለእማዬ አትንገሪያት፤ ከአሁኑ አልጋ ማንጠፍ ትጀምራለች።

እኔን ከመጋዘን አውጥተው የውጭ ሥራ ላይ አድርገውኛል። ምንም አይደል፣ አየር አገኛለሁ።

ወንድምሽ


ሰኔ 3

ይድረስ ለወንድሜ፣

አልተቆጣሁህም። ያልከው እውነት ስለሆነ ግን ደብዳቤህን ለእማዬ ሳነብ ያቺን ቦታ ዘለልኳት። ያነበብኩላት ባነሰባት ጊዜ "ወረቀቱ ሙሉ ነው፣ አንቺ ግን ቶሎ ጨረስሽ" አለችኝ።

ስለ ገበያው ባልነግርህ ደስ ባለኝ ነበር። ቀንሷል። የሚቀርቡኝ ሁሉ መጀመሪያ "በርቺ" ብለው ነበር። በርቺ ያሉኝ ሰዎች አሁን ከኛ በር ፊታቸውን አዙረው ጋሽ ቶሎ ዘንድ ሲገቡ አያለሁ። ያቺ ሆስፒታል የምታጸዳው ጎረቤታችን ልጇን አዝላ መጣች። ስኳር፣ ሳሙና፣ ዱቄት፣ እንቁላል ትፈልጋለች። "መያዣ ይዘሻል?" አልኳት።

"እኔ ስቆም ውዬ ነው የምመጣው" አለችኝ። "ከሥራ ቦታዬ ሳህንና ጠርሙስ ተሸክሜ ልዙር እንዴ? አንቺ እኮ ቤትሽ ነሽ።"

ዘንቢል አውጥቼ ሰጠኋት። "ባለፈው የሰጠሽኝንም አልመለስኩም" ብላ እያፈረች ትታው ወጣች። መንገዱን ተሻግራ በአራት ፌስታል ይዛ ሄደች። ምን ልበላት? ያጠፋችው ነገር የለም።

ከእማዬ ጋር ስለ ቦዩ ልናመለክትም ሄደን ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ የጽዳት ክፍል "ቦይ የመንገድ ክፍል ነው" አለን። መንገድ ክፍል ሄድን፤ "ቦዩ የኛ ነው፣ ውስጡ ያለው ቆሻሻ ግን የጽዳት ነው" አሉን። እማዬ ሰውዬውን ቀና ብላ አየችውና "ታዲያ ውኃው ሲመጣ ለየትኛችሁ ይሁን ልበለው?" አለችው። ሳቀ። ወንበር ሰጣት። ሌላ የሰጠን ነገር የለም።

የቆሻሻ መኪናው እንኳ ሲመጣ የሚወስደው ሩቅ አይደለም አሉ። ከላይ፣ ቦዩ ከሚነሳበት ገደል አፋፍ ላይ ይገለብጠዋል። ይኸው፣ እኛ አስረን የሰጠነው በዝናብ ተመልሶ ይመጣልናል።

እማዬ ቦዩ በመንገዱ ሥር የሚያልፍበት አፍ ላይ ያለውን የብረት ፍርግርግ በሬክ፣ በዚያ ባለጥርሱ መጥረጊያ፣ መጥረግ ጀምራለች። ዛሬ ጠርጋው ነገ ሞልቶ ታገኘዋለች። ተይ ብዬ ደከመኝ። ችግኟ ግን ያምራል፤ በጋዜጣ የተተከለው ቲማቲም ሥሩ ሳይነካ ስለሚገባ ከሁሉ ቀድሞ አፍርቷል።

የውጭ ሥራ ያልከኝ ምን ዓይነት ነው? ወረቀትህ ጭስ ጭስ ይላል።

እህትህ

*ልጄ ቲማቲሙ ደርሷል። ብትመጣ ትበላው ነበር። ብላ። እናትህ።*


ሰኔ 27

እታለም፣

ሾፌሩ ቆሟል፣ በችኮላ ነው የምጽፍልሽ። ጭሱ የወጥ ቤት ነው፣ ክፍላችን አጠገቡ ስለሆነ። በዚህ አትጨነቂ።

ዕረፍቱ ተከልክሏል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ጠይቅ ተብያለሁ። ይቅር በሉኝ። አንቺ እንደምንም አለሳልሰሽ ለእማዬ ንገሪያት።

የላከችልኝን የቃሪያ ዘር የውኃ ፕላስቲክ ቆርጬ አፈር ሞልቼበት ዘርቼው ነበር። በቀለ። አሁን ግን ቅጠሉ ላይ ጥላሸት እያረፈበት፣ በእርጥብ ጨርቅ ብጠርገውም ጠወለገ። ይህንን ለሷ አትንገሪያት፤ ደህና ነው በያት።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ከፍርግርጉ አርቂያት። እኔ ብጽፍላት በጄ አትልም፣ አንቺን ትሰማለች። ለጭቃው ቦቲ ጫማ ልግዛላት? የእግሯን ቁጥር ላኪልኝ።

ወንድምሽ


ሐምሌ 21

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን አለህ? ዝናቡ በርትቷል። መብራትም አልፎ አልፎ ነው። ሱቁን ለጥቂት ጊዜ ዘግቼዋለሁ፤ ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው።

አትክልቱ ውኃ ገብቶበታል። የተረፈ ነገር የለም። ተክል ነው፣ እንደገና ይተከላል፤ አንተ በሱ አትዘን።

እማዬ በዚህኛው ደብዳቤ ላይ በእጇ አልጻፈችም። ደክሟት ተኝታለች። ቀስቅሼ ላስቸግራት አልፈለግሁም።

ቦቲውን አትግዛ። ቁጥሩን ስላጣሁት አይደለም። ለጊዜው ይቆይ ማለቴ ነው። ምንም ነገር አትላክ። ያለህን ለራስህ አድርገው።

ሌላው ወሬ ሁሉ ከሾፌሩ ጋር ነው፣ እሱ ያጫውትሃል። ይህን ደብዳቤ አንብበህ ስትጨርስ ወደ ሥራህ አትሂድ። ከእሱ ጋር ትንሽ ተቀመጥ። ብቻህን አትሁን፣ ወንድሜ። እኔም ብቻዬን አይደለሁም፣ ሰው አለ።

እህትህ


ነሐሴ 5

እታለም፣

ሾፌሩ እንደ ወትሮው ሻይ አላለም። እቃውን ሳያራግፍ ወደኔ መጣና "ና ጥላው ሥር እንቀመጥ" አለኝ። ደብዳቤሽን ሰጥቶኝ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

"ምን ትላለች?" አለ።

"አትክልቱ ውኃ ገብቶበታል ትላለች። እማዬ ደክሟት ተኝታለች።"

"እንደሱ ነው ያለችህ?"

"እንደሱ ነው።"

ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገው። የዚያን ሰው አናት ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ከዚህ በኋላ የተናገረውን ብዙውን አልሰማሁትም። ቦይ ሲል ሰማሁ፣ ፍርግርግ ሲል ሰማሁ። "አልቅስ እንጂ፣ ሰው ይያዝህ" ይለኛል፤ እኔ ግን እቃው ዝናብ ሳይመታው እናራግፈው አልኩት። አራገፍነው።

አልተቀየምኩሽም። እንዲህ አድርገሽ ባትልኪው ኖሮ ወረቀት ይዤ ብቻዬን ነበር የምቀረው። መምጣት ግን አልቻልኩም። ከሾፌሩ መኪና ኋላ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል፤ እሱም እዚሁ ታግቶ ቆይቶ ዛሬ ነው መውጣቱ። በእግሬ ልሂድ ብዬ ልነሳ ስል ሦስት ሰው ያዘኝ። ዛሬም ከእሱ ጋር ልውጣ ብል አለቃዬ ከለከለኝ።

ቦቲውን ገዝቼው ነበር፣ በግምት። ከታሸገበት ላስቲክ አላወጣሁትም።

ጭሱ የወጥ ቤት አይደለም። የውጭ ሥራ ያልኩሽ ከመኖሪያ ሰፈራችን ጀርባ ያለውን ጉድጓድ ነው። የእቃውን መጠቅለያ፣ የውኃውን ፕላስቲክ ሁሉ እዚያ ይደፉታል፤ እኔ ነዳጅ አርከፍክፌ አቃጥላለሁ። እሳቱ እንደ ሌላ እሳት አይደለም፣ እየቀለጠ እየተንጠባጠበ ነው የሚነደው። ሳልፈልግም ጭሱን እውጠዋለሁ። ጠዋት ስስል የሚወጣው ጥቁር ነው። እንዳትጨነቁ ብዬ ነው የደበቅኩት፤ አሁን የምደብቃት ሰው የለችም።

ማን አገኛት? ሕይወቷ እያለ ነው? ምን አለች? ማወቁ ምን እንደሚያደርግልኝ አላውቅም። ብቻ ንገሪኝ።

ወንድምሽ


ነሐሴ 24

ይድረስ ለወንድሜ፣

እግዚአብሔር ያጽናህ ብዬ ለወንድሜ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ያጽናህ። ያጽናን።

የጠየቅኸኝን ልንገርህ። ቀን ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ዝናቡ ሲጀምር ከኔ ጋር ሱቅ ውስጥ ነበረች፣ ዘንቢል እየሰፋች። መጀመሪያ በረዶ መሰለን። ከዚያ የቦዩ ድምፅ ተለወጠ፣ እንደ ሰው ጉሮሮ። "ተደፍኗል" አለችና ተነሳች። "እማዬ፣ ተይው" አልኳት። "ቲማቲሙን ይወስድብኛል፣ ደርሼ ልመለስ" አለች። ሱቅ ውስጥ ዝናብ ያስጠጋቸው ሰዎች ነበሩ። ከባንኮኒው ወጥቼ እስክከተላት ድረስ በጓሮ በኩል ወጥታለች። በሬኩ ጎትታ ልትነቅለው የሞከረችው የፌስታል ክምር አልነቀል ብሎ ቆይቶ፣ ድንገት ሲለቅ ውኃው አብሮ ወሰዳት። ይህን ያየችው ከማዶ በመስኮት የነበረች ሴት ናት።

ያወጧት ጋሽ ቶሎ ናቸው። ከነልብሳቸው ገብተው፣ ውኃው እስከ ደረታቸው ደርሶ። እኔ ስደርስ አቅፈዋት ግንቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። ትንሽ ሕይወት ነበራት። ምንም አላለችም። "ይህን አለች" ብዬ አንድ ነገር ፈጥሬ ልጽፍልህ አስቤ ነበር፤ ግን ውሸቱን ዕድሜ ልክህን ይዘኸው ትኖራለህ ብዬ ተውኩት። እጄን ይዛኝ ነበር። ጠበቅ አድርጋ ነው የያዘችኝ።

ጉሮሮዬ ላይ የቀረውን ደግሞ ለማንም አልነገርኩም፣ ላንተ ልንገርህ። ሰፈሩ በሙሉ ለቅሶ መጣ። ሰው እንደሚወዳት ታውቃለህ፤ የማላውቃቸው ሁሉ "ችግኝ ሰጥታኝ ነበር" እያሉ ያለቅሳሉ። ማንም ባዶ እጁን አልመጣም። የታሸገ ውኃ በጥቅል በጥቅል፣ ዳቦ በፌስታል፣ ስኳር በፌስታል፣ የሚጣል ኩባያ፣ የሚጣል ሳህን። በቅን ልብ ነው፤ የሚያዝን ሰው እቃ እንዳያጥብ ብለው ነው። ያቺ ሆስፒታል የምታጸዳው ጎረቤታችን ቀኑን ሙሉ ቆማ ስታስተናግድ ነበር የዋለችው። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ፕላስቲኩ ሲከመር አያለሁ። ተነስቼ "በእናቴ ለቅሶ እንኳ ተዉ" ማለት እችል ነበር። ሰዎቹ ሲሄዱ ንፋስ ተነሳ። ኩባያው ግቢውን እየተንከባለለ አቋርጦ በጓሮው በኩል ወደ ቦዩ ወረደ። አላባረርኩትም። እጄን አጣጥፌ አየሁት።

ሱቁን ከከፈትኩ ቆየሁ። ፌስታሉን መልሼ ሰቅዬዋለሁ። ከማዘን ይሁን ከመሸነፍ አትጠይቀኝ። የሚገዛኝ ሰው ከሌለ ሱቁ ይዘጋል፣ ሱቁ ከተዘጋ ደግሞ ከዚህ ቤት ወዴት እሄዳለሁ? መጀመሪያ የጠየቀኝ ሰው "በፌስታል አድርጊልኝ" ሲለኝ አድርጌ ሰጠሁት፤ እሱም ምንም አልመሰለው። ዓለም እንደነበረች ናት። የተጣላኋት እኔ ብቻ ነበርኩ።

አትክልቱ ጋ አልሄድኩም ነበር። በሩን ከውጭ ቆልፌው ነበር። ትናንት ከጓሮ ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። ጋሽ ቶሎ አጥሩን ዘለው ገብተዋል፣ በዚያ ዕድሜያቸው። ሱቃቸውን ለሚስታቸው ትተው፣ አጎንብሰው ከአጥሩ ሽቦ ላይ ፌስታል እየለቀሙ ጆንያ ውስጥ ይከታሉ። እናታችንን ካወጡ ወዲህ ዓይን ለዓይን አልተያየንም ነበር።

"ምን እያደረጉ ነው?" አልኳቸው።

"ቤቴ መቀመጥ አልቻልኩም" አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

እኔም ጎንበስ አልኩ። የካሮቱ መደብ ላይ፣ የቲማቲሙ እንጨት ላይ፣ ጭቃው ውስጥ፤ የሳብከው ሌላ ይዞ ይመጣል። ከሰዓቱን ሙሉ ለቅመን ከመሬቱ ትንሽ ታየ። ጆንያዎቹ ሞሉ። ጋሽ ቶሎ አንዱን ትከሻቸው ላይ አወጡና ቆሙ።

"የት ላድርገው?" አሉኝ።

ለቆሻሻ መኪናው እንስጠው እንዳልል ገደሉ አፋፍ ላይ ሊገለብጠው ነው። እንቅበረው እንዳልል አሁን ያወጣንበት አፈር ውስጥ ነው የምንቀብረው።

"ላቃጥለው?" አሉ።

"አይሆንም" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣብኝ፤ ደነገጡ። አንተን እንዳሰብኩ አያውቁም።

ጆንያውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ መልስ ይጠብቃሉ። ግቢውን ዞሬ አየሁ፣ ቦዩን አየሁ፣ መንገዱን አየሁ። ደከማቸውና ግድግዳው ሥር አስደግፈውት በአጥሩ ወጡ። ዛሬ ጠዋት መስኮቱን ስከፍት እዚያው ነው።

እህትህ